የቱርኪያ መንገድ

«ስሟ ዛኪ ከሆነ ለምን የሌላ ሰው ስም ትጽፋላችሁ?»

ጥያቄው የመጣው በስልክ ነው፣ ከአል ዓይን፤ ጠያቂዋ ሻማ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ሀሊሜ ስልኩን፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ የሳሙናው ጠርሙስ ላይ አስደግፋዋለች፤ እጆቿ እስከ ክርን አረፋ ለብሰዋል፤ አቡ ዳቢ፣ ካራማ ሰፈር የምትሠራበት ቤት ልጆች ቁርስ የበሉበት ሳህን ገና ግማሹ አልታጠበም። ልጅቷ ዐረብኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለች ታወራለች። ሀሊሜ በዐሥራ አንድ ዓመት የወጥ ቤት ሥራ የለቀመችው ዐረብኛ ለሩዝና ለዶሮ፣ ለ«ነይ» እና ለ«ሂጂ» የሚበቃ ነው፤ ይህን ግን አንድ ሳይቀር ሰማችው። «ዛኪ ራሷ ነግራኛለች። ቱርኪያ እህቴ ናት ብላኛለች» አለች ልጅቷ። ሀሊሜ ቧንቧውን ዘጋች። ወጥ ቤቱ ጸጥ ሲል ጸጥታው አስፈራትና መልሳ ከፈተችው።

«ኡም ቱርኪያ፣ አትስሚያት» አለች የልጅቷ እናት ማዳም ጀሚላ ስልኩን ተቀብላ። «ከትናንት ጀምራ ራሳችንን አዙራዋለች። ዛሬ ትመጫለሽ አይደል? የጽሕፈት ቤቱ ፈሪድ ወረቀቱን ይዞ ከቀትር በፊት ይመጣል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ የመንገዱ ታፔላ ይገለጣል።»

«እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«የስሙን ነገር ከፈሪድ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ግድ የለኝም፤ እናቷ ያለችው ይጻፍ።»

ታፔላው የሚቆመው ኦአሲስ ከሚሉት ከአል ዓይን የተምር ደን ጀርባ ባለ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ከልጃገረዶች ትምህርት ቤት በር እስከ መስጊዱ በሚያደርሰው ቁራጭ መንገድ ላይ ነው። እግረኛ ሳይደክመው ይጨርሰዋል። የሀሊሜ ታናሽ ልጅ የማዳም ጀሚላ ሠራተኛ ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሻማን ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ የተከለ ሹፌር ፒክአፑን እየነዳ መጣባቸው። ሻማን ወደ ዳር ገፍትራ ጣለቻት፤ እሷን የሚገፈትር ግን ማንም አልነበረም። የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው አመለከቱ፤ ጉዳዩ ሲንከባለል ከርሞ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ያ ቁራጭ መንገድ በሟቿ ስም እንዲጠራ ፈቀደ። በቤት ሠራተኛ ስም መንገድ ሲሰየም ሀሊሜም ጓደኞቿም ሰምተው አያውቁም። ወሬውን የሰማ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይበላት «አላህ ያጥናሽ» ይበላት ግራ ስለሚገባው፣ እጇን ይዞ ትንሽ ይወዘውዝና ይለቃታል።

ችግሩ ስሙ ነው። ታናሽ ልጇ ዛኪያ ከወሎ ስትነሣ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ለጉዞ የሚያበቃ ዕድሜ ስላልነበራት ደላላው «የታላቋን ወረቀት ስጧት» አለ። ሀሊሜ ያን ጊዜም እዚሁ አቡ ዳቢ ነበረች፤ በስልክ «ስጧት» ብላ የወሰነችው እሷ ናት። ታላቋ ልጇ ቱርኪያ ጡት የምትጠባ ልጅ ታቅፋ ነበር፤ «ስሜን ትውሰደው፤ እኔ የትም አልሄድበትም» ብላ ሳቀች። ዛኪያ፣ ቱርኪያ ጀፋር ተብላ መጣች። ሦስት ዓመት ሳይቆይ ቱርኪያ ከባሏ ተፋታች፤ መሄድም ግድ ሆነ፤ ቤት ውስጥ የቀረው ወረቀት ደግሞ የታናሿ ብቻ ነበር። እሷም ዛኪያ ጀፋር ተብላ መጣችና ሸኽቦት ሲቲ በሚባል የአቡ ዳቢ ሰፈር ሕፃናት ጠባቂ ሆነች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ የሚደነግጥ የአገራቸው ሰው የለም፤ ሀሊሜ ራሷ በስልክ አንዷን በሌላዋ ስም እየጠራች ትስቅ ነበር። ከዚያ ዛኪያ ሞተች። ሆስፒታሉም፣ ፖሊሱም፣ መቃብር ቆፋሪውም የሚያውቁት ቱርኪያን ነው። ዓረቦቹ እናትን በልጇ ስም ስለሚጠሩ ሀሊሜን «ኡም ቱርኪያ» አሏት፤ የቱርኪያ እናት። ውሸት አይደለም፤ ስለዚህ «አቤት» ትላለች።

የካራማዋ ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። ሀሊሜ ሩዙ ምድጃው ላይ መሆኑን፣ ዓሣው በቅመም ታሽቶ ታችኛው መደርደሪያ ላይ መቀመጡን፣ የትንሿ ልጅ መድኃኒት ከምሳ በኋላ እንጂ በፊት እንዳይሰጥ ነገረቻት። ማዳም ሰማቻት፤ አንድ ካርቶን ተምር ለማዳም ጀሚላ እንድታደርስላት ሰጠቻትና «እዚያ ሄደሽ እንዳታለቅሺ። ሰዎቹ ሊያከብሩሽ ነው» አለች። ሀሊሜ «እሺ» አለች። ካለቀሰች ዓመት እንዳለፋት ለማዳም መንገር አላስፈለጋትም። ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ያለችው ክፍሏ ገብታ አባያዋን ለበሰች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ውሃ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷን ኢቃማዋን፣ የልጇን ፓስፖርት ቅጂ፣ እንደገና ኪኒን አስገባች። ሁለት ጊዜ ማስገባቷን ያወቀችው በር ላይ ደርሳ ስትፈትሽ ነው።

በር ላይ ጸዳለ ቆማ ነበር። ጸዳለ የጎረቤት ቪላ ሠራተኛ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሀሊሜንና ሌሎች ሁለት ሴቶችን ፊደል ታስተምራለች። የመጀመሪያ ቀን «ከፊደል በፊት አንድ የምትወዱትን ቃል ምረጡ፤ እሱን አጽፋችኋለሁ» ብላቸው ነበር። አንደኛዋ «ቤቴ» አለች፤ ሀሊሜ «ዛኪያ» አለች። ሦስት ፊደል ነው። ደብተሯ ከአንደኛው ገጽ እስከ መሐሉ ድረስ ዛኪያ፣ ዛኪያ፣ ዛኪያ ይላል፤ መጀመሪያ እንደ ተሰባበረ ማበጠሪያ ነበር፣ በኋላ ቀጥ አለ። «የራስሽንም ስም ተለማመጂ እንጂ» ስትላት «የኔን ስም ማን ይፈልገዋል» እያለች ታልፋለች።

«ፊርማ ካሉሽ በጣትሽ እንዳትፈርሚ!» አለቻት ጸዳለ የሰው ልጅ በጋሪ እየገፋች። «ሀሊሜ። ሦስት ፊደል ናት። ሀ-ው ሜዳ ላይ እንዳይተኛ አደራ!»

«እሺ የኔታ።»

«ሳቂ እንጂ አንቺ! መንገድ እኮ ነው የተሰጠሽ።»

ዋናው መናኸሪያ ቱርኪያ ቀድማ ደርሳለች። ሁለት ውሃና አራት ሳምቡሳ ገዝታ ወንበር ላይ አስቀምጣለች፤ «ሳምቡሳው አንድ ድርሃም ጨምሯል» ብላ ተቀበለቻት፤ ሀሊሜም «መጠኑንም አሳንሰውታል» አለች። ስለ ሳምቡሳው ከዚህ በላይ የሚባል ስላልነበረ አውቶቡስ ውስጥ ገቡ። ቱርኪያ የእህቷ ግንባር አላት፣ የእህቷ አገጭ አላት፤ ስትተኛ ደግሞ ፍጹም እሷ ናት። ስለዚህ ሀሊሜ አውቶቡስ ውስጥ ልጇ እንቅልፍ ሲወስዳት አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ከመስኮቱ ውጪ በመንገዱ መሐል የተተከሉት የተምር ዛፎች ያልፋሉ፤ ከነሱ ወዲያ ግመል እንዳይሻገር የታጠረው ሽቦ፤ ከሽቦው ወዲያ አሸዋው። ሀሊሜ ይህንን መንገድ መጀመሪያ የሄደችው ለቀብር ነው። ያን ቀንም ይህ ሁሉ እንዲሁ ያልፍ ነበር።

ግማሽ መንገድ ላይ ቱርኪያ ዓይኗን ሳትከፍት «እማ» አለች። «ምን ልትያቸው ነው?»

«ምን እላቸዋለሁ?»

«ዛኪያ ካልሽ እኔ ኸላስ፣ አለቀልኝ። ኢቃማዬም፣ ያስመጣኝ ካፊልም፣ የማድርበት ቤትም በሷ ስም ነው። ማን ነሽ ቢሉኝ ማን ልበል?»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽንማ መቼ ጠየቅሁ።»

ሀሊሜ የተምሩን ካርቶን ከጉልበቷ ወደ ወለሉ አወረደች። ልጇ አብራት የመጣችው መንገድ ልታሳያት ነው ወይስ አፏን ልትጠብቅ፣ ይህን መጠየቅ ትችል ነበር። ካርቶኑን መልሳ ጉልበቷ ላይ አወጣችው።

የማዳም ጀሚላ የእንግዳ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ ከውጪው ሙቀት ለገባ ሰው ላቡ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዝበታል። ረጃጅም ሶፋዎች ግድግዳውን ተከትለው ዞረዋል፤ በየጠረጴዛው በወርቃማ ሣጥን ውስጥ ሶፍት፣ በሳህን ተምር፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት የለበሰ ቸኮሌት ተቀምጧል። መሐሉ ላይ በትልቁ የታተመ የዛኪያ ፎቶ ቆሟል፤ ሻማን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ሀሊሜ ይህን ፎቶ አይታው አታውቅም። የልጇ የኋላ ጥርስ መሸረፉንም ያወቀችው አሁን ነው። ይህን ጥርስ መቼ ሰበረችው፣ አሟት ነበር ወይ፣ ለምን አልነገረችኝም እያለች ስትቆም ማዳም ጀሚላ መጥታ ራሷን ሳመቻት። ከዚያ ወደ ቱርኪያ ዞረች።

«ይቺስ?»

«የጎረቤቴ ልጅ ናት» አለች ሀሊሜ። «መንገድ ልታሳየኝ መጥታ ነው።»

«አህለን! ስምሽ ማነው?»

ቱርኪያ አንድ ጊዜ እናቷን አየች። ሁለት ስም ነበራት፤ አንዱንም እዚህ ቤት ማውጣት አትችልም። «ሃና» አለች።

ሻማ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ረዝማለች፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ ታስሯል። «ዛኪን ትመስላለች» አለች ቱርኪያን እያየች። ማዳም ጀሚላ አፍራ ሳቀች፤ «ይቅርታ አድርጊላት፤ ለሷ ሐበሻ ሁሉ ዛኪን ይመስላታል» አለች። ቱርኪያም ሳቀች። ሀሊሜ ልጇ እንዲህ ቶሎ መዋሸት፣ ቶሎ መሳቅም እንደምትችል አታውቅም ነበር፤ መቼ እንደለመደችው ግን መገመት ይቻላል፤ በየቀኑ በእህቷ ስም «አቤት» እያለች ነው።

ፈሪድ ሲገባ ቀድሞ የገባው ድምፁ ነው። ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ከንዱራ የለበሰ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ያቀፈ ወጣት፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ነው። «ኻላ ሀሊሜ፣ አክስቴ! እርስዎ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና ናችሁ?» አለና ራሱ ሳቀ። «አማርኛዬን አትታዘቢኝ። እናቴ የደሴ ልጅ ናት፤ አማርኛ የተማርኩት እሷ ስትቆጣኝ ነው። ስድቡን ሁሉ እችላለሁ፣ ሰላምታው ነው የጠፋኝ።»

«ጎበዝ ነህ ልጄ። አፍህ አገርህን ትቶ አልሄደም።»

ፈሪድ ደስ ብሎት ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፎቶው አጠገብ ከፈተ። ነገሩን በትዕግሥት፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዐረብኛ አስረዳት። በፓስፖርቱና በሞት ወረቀቱ ላይ ያለው ቱርኪያ ጀፋር ነው፤ ይህ የግድ ይጻፋል። ሻማ ግን ዛኪ ትላለች። ሟች ሰፈር ውስጥ የሚታወቅበት ሌላ ስም ካለው፣ እናት ከፈረመችና አንድ ምስክር ከተገኘ፣ ከመጀመሪያው ስም ሥር በእኩል ፊደል መጻፍ ይፈቀዳል፤ ሠሪው እስከ ዐስር ሶላት ይለጥፈዋል። «ሙሉውን ንገሪኝ፤ ሲስተሙ ውስጥ አስገብቼ አየዋለሁ። ያ ስም፣ ያ የአባት ስም ያለው ሌላ ሰው እዚህ አገር እንዳይኖር ነው፤ ካለ ፎቶው ይወጣል። አምስት ደቂቃ ነው» አለና ጣቶቹን ፊደላቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

ሀሊሜ የጣቶቹን ጥፍር አየች፤ በንጽሕና የተቆረጡ ናቸው። ማዳም ጀሚላ «ንገሪው፣ ኡም ቱርኪያ። ያልሽው ይጻፍ» አለች። ሻማ ከበሩ ተነሥታ መጥታ ከሶፋው ጫፍ ቆመች። ቱርኪያ በወተት የተፈላውን የከረክ ሻይ በሁለት እጇ ይዛለች። አንድ ቃል ነው። ከደብተሯ ሁሉ የምታውቀው ቃል ነው። ብትናገረው ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ሁሉ ያነቡታል፤ ሰው አድራሻ ሲሰጥ፣ የታክሲ ሹፌር መንገድ ሲጠይቅ የልጇን ስም ይጠራል። ብትናገረው ደግሞ እዚያ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ ይወጣል፤ ያቺ ሴት እዚህ ሶፋ ላይ ሃና ተብላ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። ሀሊሜ የሚሰማት ነገር ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር። ምንም አልመጣም።

«ዛኪ የቤት ስም ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያወጣሁላት፣ ለቁልምጫ። የሚጻፍ አይደለም።»

«ሙሉው ምንድነው? ዛኪያ?»

«ምንም አይደለም። ዝም ብሎ ዛኪ።»

ሻማ አማርኛ አትሰማም፤ ግን የተባለውን ከሁሉም ሰው ፊት አነበበችው። ፈሪድ በዐረብኛ ሲነግራት «ትዋሻለች» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትሰድብ፣ ዝናብ ጣለ እንደሚል ሰው። እናቷ ተቆጣቻት፤ ልጅቷ ወጥታ በሩን በኃይል ዘጋችው። ማዳም ጀሚላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሀሊሜን ይቅርታ ጠየቀች፤ ሀሊሜ «ልጅ ናት» አለች። ፈሪድ ኮምፒውተሩን ከደነው፤ «ኸላስ። እንዲያውም ቀለለን» አለ።

ለአንዱ ስምም ቢሆን የእናት ፊርማና ምስክር አስፈለገ። ፈሪድ ወደ ቱርኪያ ዞሮ «ሃና፣ አንቺ ፈርሚ። ኢቃማሽን አምጪ» ሲላት ካርዷን ቤት እንደረሳች ነገረችው፤ ካርዷ ግን ከጉልበቷ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነው። የቤቱ ሹፌር አሕመዲን ተጠርቶ መጣ፤ ምን ላይ እንደሚመሰክር ሳይጠይቅ ፈረመ። ከዚያ ፈሪድ የአሻራ ቀለሙን ከኪሱ አውጥቶ ለሀሊሜ ሲያቀርብላት «እጽፋለሁ» አለችው። የክፍሉ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ማዳም ጀሚላ «ማሻአላህ» አለች። ሀሊሜ ብዕሩን ያዘች፤ ሀ-ው ሜዳ ላይ እንዳይተኛ ብላ አሰበች፤ ወረቀቱን በግራ እጇ አጥብቃ ጫነችው፤ እጇ ግን አንድ ዓመት ሙሉ የለመደውን ጻፈ። ዛ። ስታየው ዘለል ብሎ መስመሩ ላይ ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ፣ ደብተር ላይ ከጻፈችው ሁሉ ያማረ። የብዕር ቀለም አይጠፋም። መሰረዝም አላወቀችበትም፤ ጸዳለ መሰረዝ አላስተማረቻትም። ኪ ጨመረች። ያ ጨመረች።

ፈሪድ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ተመለከተው። «ቆንጆ ነው፣ እንደ ሥዕል። ይሄ ሀሊሜ ነው የሚለው? እኔ መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም።»

ሀሊሜ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቱርኪያ ከሶፋው ተነሥታ በፈሪድ ትከሻ በኩል ጎንበስ ብላ አየች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፣ ሦስት ፊደል ከሚፈጀው ጊዜ በላይ።

«አዎ» አለች። «ሀሊሜ ይላል።»

ፈሪድ ማኅተሙን መታበት።

ከዐስር ሶላት በኋላ መንገዱ ላይ አርባ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። ሙቀቱ ገና ከአስፋልቱ ይወጣል። የሰፈሩ ወይዛዝርት በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በመስጊዱ በኩል፣ የቤት ሠራተኞቹ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጥላው ያለበት ቦታ ቆመዋል። ኢማሙ ዱዓ አደረገ። አንድ ሽማግሌ ጨርቁን ሲስበው ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሁለት ጊዜ ሳበው፣ እንቢ አለ፤ በመጨረሻ አሕመዲን የመጥረጊያ እንጨት አምጥቶ ከሥር ነቀነቀው፤ ጨርቁም ሽማግሌው ራስ ላይ ወደቀ። ሰው ሳቁን ዋጠ። ታፔላው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ሀሊሜ አንገቷን አቅንታ አየችው፤ ከሁለቱም አንድ ፊደል አታውቅም።

«ምን ይላል?» አለች በሹክሹክታ።

«ስሜን» አለች ቱርኪያ። «ከሥሩ በትንሹ፣ አላህ ይዘንላት ይላል።»

ከአጥሩ ሥር ከነበሩት ሠራተኞች አንዷ፣ ዕድሜዋ ከሃያ የማያልፍ የአገራቸው ልጅ፣ ማዳሟ ሳታያት ሮጥ ብላ መጣችና የሀሊሜን እጅ ሳመች። «አላህ ያጥናሽ እናቴ። እኔ አልደረስኩባትም፤ ግን ቱርኪያ ደግ ነበረች ይላሉ። እኛ እኮ በሷ ኮርተናል» አለች። ከዚያ ወደ ቱርኪያ ዞራ «እህቴ፣ አንቺስ ታውቂያት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ትንሽ» አለች ቱርኪያ።

አውቶቡሱ እስኪነሣ ጊዜ ስለነበራቸው ኦአሲሱ ውስጥ ገብተው ከተምሮቹ ሥር አንድ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ውሃው በቦዩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይሄዳል። የተረፈውን ሳምቡሳ ቱርኪያ ከወረቀቱ አውጥታ ለሁለት ከፈለችው፤ ቀዝቅዞ ቆዳ ሆኗል፤ በሉት። ሀሊሜ ልጇ እንድትቆጣት ጠበቀች። ብትቆጣት ይቀላት ነበር። አንዲት ህንዳዊት ልጆቿን ፎቶ ታነሣለች፤ ልጆቹ አንቆምም እያሉ ይሮጣሉ፤ እናታቸው ስማቸውን እየደጋገመች ትጠራለች።

«ደብተርሽ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው?» አለች ቱርኪያ።

«የቱ?»

«የጻፍሽው። የኔን ስም ጽፈሽ ታውቂያለሽ?»

ሀሊሜ አሰበች። ደብተሩን ገጽ በገጽ አሰበችው። «መጨረሻው እኮ አንድ ነው» አለች። «ኪያ። የሁለታችሁም ኪያ ነው።»

ቱርኪያ የሳምቡሳውን ወረቀት አጣጥፋ፣ ደግማ አጣጥፋ፣ ሌላ መታጠፍ እስኪያቅተው አጠፈችው። «አዎ» አለች። «ኪያው አንድ ነው።» ተነሥተው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ሲመለሱ ቱርኪያ አልተኛችም፤ ስለዚህ ሀሊሜ ፊቷን ወደ መስኮት ማዞር አላስፈለጋትም፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን የወንበር ጀርባ እያዩ አቡ ዳቢ ገቡ። ካራማ ስትደርስ ዓሣው ተጠብሶ ተበልቷል፤ ሳህኑ ማጠቢያው ውስጥ ይጠብቃታል። ማዳም «እንዴት ነበር?» አለቻት፤ «ደህና ነበር» አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ውሃውን ከፈተች።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ ቱርኪያ ደውላ ኢቃማዋ ሲያልቅ እንደማታሳድስ ነገረቻት። ሀሊሜ ምን አድርገውሽ ነው ብላ ደነገጠች፤ ምንም አላደረጓትም፣ ቤቱም ጥሩ ነው። «ዛኪያ ብለው ሲጠሩኝ ዞር ማለት አቃተኝ፣ እማ። ትናንት ሕፃኑ እያለቀሰ ማዳም ሦስት ጊዜ ጠራችኝ። ሰማሁ። ግን ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ ያቺ ሴት እስክትመጣ።» ከዚያ አገር ቤት ስላለችው ልጇ አወራች፤ ስምንት ዓመት ሊሆናት ነው፣ በስልክ ስታናግራት መልስ የምትሰጠው በአንድ ቃል ነው። ሀሊሜ «ደግ አሰብሽ» አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ወር ቀደም ብላ ብትነግረኝ ኖሮ የሚለው ሐሳብ መጣባት፤ መጣ፣ ቆመ፣ አልሄደም።

ለፈሪድ ደወለች። ሰላምታውን አሁንም አበላሸው፤ አሁንም ሳቀ። የቤት ስም ከሥሩ ማስጨመር እንደሚቻል፣ ለምሳሌ ከወር በኋላ ቢሆን፣ ጠየቀችው። «ኻላ፣ አንዴ ከቆመ አይነካም። ፋይሉ ተዘግቷል፤ አንቺ ራስሽ ፈርመሻል እኮ» አላት። «በዚያ ቆንጆ ፊርማሽ።»

ቱርኪያ የሄደችው በወሩ መጨረሻ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሀሊሜ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘቻት። የፓስፖርት መቆጣጠሪያው ጋ ያለው ሰው የኮምፒውተሩን መስታወት አይቶ «ዛኪያ?» አላት፤ «አዎ» አለች፤ ማኅተሙን መታላትና አለፈች። መዝገቡ ላይ ዛኪያ ጀፋር ከአገር ወጥታለች፤ ቱርኪያ ጀፋር አል ዓይን ቀርታለች። የሄደችው ቱርኪያ ናት። ዛኪያ ቀረች፤ ሀሊሜም ቀረች።